እናት ሲወድቁ፦ ከባሕር ማዶ ሆኖ ቤትን ማስተዳደር

ገንዘብ መላክ ከሁሉም ቀላሉ ነው። እናታችን ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ደረጃው ላይ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው በተሰበረ ዕለት ቤተሰቡን ያስጨነቀው ማን ይፈርማል፣ ማን ከባንክ ያወጣል የሚለው ነበር። አባታችን ካረፉ ገና ዓመት አልሞላም ነበር።

ከስልክ እንጀምር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአዲስ አበባ እናቶች መቀነት ስልካቸው ሆኗል፤ የመብራት ክፍያውም የባንኩ ማረጋገጫ ኮድም የሚያልፈው በዚያው ነው። ቁጥሩ ግን በማን ስም ተመዝግቧል? በብዙ ቤት ሲም ካርዱን ያወጡት አባት ናቸው። እሳቸው ካረፉ በኋላ ስልኩ ቢጠፋ እናት በገዛ ቁጥራቸው ሊጉላሉ ነው። ስለዚህ ከአርባው በኋላ ከሚሠሩት ሥራዎች አንዱ ቁጥሩን ወደ ስማቸው ማዛወር ይሁን። ፋይዳ መታወቂያም ካላወጡ በእግራቸው መሄድ በሚችሉበት ጊዜ ይመዝገቡ፤ አሻራና የዓይን ምስል ስለሚወሰድ ሌላ ሰው ሊተካቸው አይችልም። «ከባንክ ነው» እያለ ኮድ የሚጠይቅ ሰው ሲደውል ጆሮው ላይ መዝጋት ነውር እንዳልሆነም ደጋግማችሁ ንገሯቸው። እንግዳ ሳይመርቁ የማይሸኙ ሴት ይህን ቶሎ አይለምዱትም።

ቀጥሎ ውክልና። ከውጭ የምትልኩት ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ከተረጋገጠ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንና ውልና ማስረጃን ማለፍ አለበት። «ጠቅላላ ውክልና አለኝ» የሚል ዘመድ ደግሞ ሁሉን ይችላል ማለት አይደለም፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2205 መሠረት ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ ወይም በፍርድ ቤት ለመከራከር ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። እናታችሁ ራሳቸው ለአንዱ ልጅ ውክልና እንዲሰጡ ካሰባችሁ ወረቀቱ በደህና ቀን ይለቅ፤ ምን እንደሚፈርሙም ተነቦላቸው ይወስኑ። የቤቱ ካርታ በሟች ስም ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫውን ከፍርድ ቤት አውጡ። ሐዘን ላይ ስለ ንብረት ማንሳት ያሳፍራል፤ ሆስፒታል በር ላይ ማንሳት ግን የበለጠ ያሳፍራል።

ስብራቱን በተመለከተ መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ወጌሻ ይታይ» ነው። ለወጌሻ ክብር አለኝ፤ የተሰበረ ዳሌ ግን የእሱ ሥራ አይደለም። አጥብቆ ማሰር ደም አግዶ እግር ያስቆረጠበት ጊዜም አለ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሙ ካልከለከለ በቀር ታማሚው ቶሎ፣ ብዙውን ጊዜ በማግስቱ፣ ተደግፎ እንዲቆም ይደረጋል። ብዙ መተኛት የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የአልጋ ቁስል ያመጣልና። እዚህ ላይ ትልቁ ፈተና ጠያቂ ነው። የዕድሩ ሰው፣ ጎረቤቱ፣ የንስሐ አባቱ ሁሉም በፍቅር «ኧረ አይነሡ፣ ይረፉ!» ይላሉ። ካዛንቺስ ፈርሶ ጎረቤት ከተበተነ በኋላ ከየአቅጣጫው ሁለት ታክሲ ይዞ የሚመጣን ሰው «ሰዓቱ አይደለም» ማለት ለእህታችሁ ይከብዳታል። እናንተ ግን እንዲራመዱ የሚያለማምዳቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሲመጣ በቪዲዮ ደውላችሁ «እማዬ፣ አሁን ተነሺ» ማለት ትችላላችሁ። እኛ ቤት ከመድኃኒቱ እኩል የሠራው ይህ ነው፤ ለልጅ ልጅ ለማሳየት ሲባል የተራመዱት እርምጃ ብዙ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የብረት መያዣ አስገጥሙ፣ ምንጣፉን አስነሡ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ከሆነ ለጥቂት ወራት ምድር ቤት መከራየትን አስቡ፤ በየቀጠሮው በወንበር ተሸክሞ ከማውረድ ይሻላል።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለችው እህት። ከሥራ እየቀረች ሆስፒታል የምትመላለሰው እሷ ናት፤ ከውጭ ያሉት ደግሞ በቡድን መልእክት «ደረሰኙስ?» ይሏታል። ደረሰኝ መጠየቁ ክፋት የለውም፤ ግን አንድ ሰው ብቻ፣ በወር አንድ ጊዜ ይጠይቅ። የታክሲዋንና የቀረባትን ደመወዝ ከሕክምናው ወጪ ጋር ደምራችሁ ላኩ። እሷ እስክትጠይቅ አትጠብቁ፤ አትጠይቅም።