ታንኳዋ ለምን አትታዘዝም? ስልክ በማዘንበል የሚንቀሳቀሱ ምስሎች ችግርና መፍትሄ

ደሴ ውስጥ ከሰፈር ልጆች ጋር አንዲት ትንሽ የስልክ ጨዋታ እየሠራን ነው። ስልኩን ሲያዘነብሉት ስክሪኑ ላይ የተሳለችው ታንኳ በውሃው ላይ እየተንሸራተተች ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ትሄዳለች። ገዳሙ ያለበት ስፍራ ጥንት ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። በጨዋታችን ግን ዙሪያውን ውሃ አድርገንለታል። ታንኳዋ እምቢ ያለችባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ፤ ከዚህ በታች የጻፍኩት ከእነዚያ ቀናት የተገኘ ነው። የሠራነው በጃቫስክሪፕት፣ በብሮውዘር ለሚከፈት ገጽ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ እለምናለሁ፦ ኮዱን ከመነካካታችሁ በፊት አክስለሮሜትር የሚባለው፣ ስልኩ ላይ ያለውን ግፊት የሚለካው ሴንሰር የሚሰጠውን ሦስት ቁጥር በትልልቁ ስክሪኑ ላይ አውጡት። ኤክስ የስልኩ አግድመት፣ ዋይ ቁመቱ፣ ዜድ ደግሞ ከስክሪኑ ወደ ፊታችሁ የሚወጣው አቅጣጫ ነው። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኙት። ኤክስና ዋይ ወደ ዜሮ ተጠግተው ዜድ 9.8 (በአይፎን ብሮውዘር ከዜሮ በታች 9.8) አካባቢ ካሳየ አክስለሮሜትሩ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱን ኮዱ ውስጥ ፈልጉ። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል የመሬት ስበት በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ልዩነቱ ግን ከሴንሰሩ የራሱ ስህተት ያነሰ ነው። 9.7 ወይም 9.9 ብታዩ አትደንግጡ።

ታንኳዋ ጨርሶ አትነቃነቅም፣ ቁጥሮቹም ባዶ ናቸው

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ፈቃድ ነው። ብሮውዘር የእንቅስቃሴ ሴንሰርን የሚከፍተው በኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም መረጃውን መስጥሮ በሚያስተላልፍ ግንኙነት፣ ለመጣ ገጽ ነው። ኮምፒውተራችሁ ላይ በሎካልሆስት (ኮምፒውተሩ ራሱን በሚጠራበት አድራሻ) ስትከፍቱት ችግር የለም፤ በቤት ዋይፋይ የኮምፒውተሩን የቁጥር አድራሻ ስልኩ ላይ ስትጽፉ ግን ዝም ይላል። ገጹን ኤችቲቲፒኤስ ባለው ቦታ ላይ ጫኑት። በአይፎን ደግሞ ከአይኦኤስ 13 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ፣ ገጹ ተጠቃሚውን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ጥያቄውም ሰውየው ቁልፍ ሲነካ እንጂ ገጹ ገና ሲከፈት አይሠራም። «ጀምር» የሚል ቁልፍ አስቀምጡና ፈቃዱን እዚያ ላይ ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ብሮውዘሩ ከሦስቱ ቁጥሮች ሌላ የሚሰጣቸው የማዘንበል ማዕዘኖች ብቻ ባዶ ከሆኑ ስልኩ ጋይሮስኮፕ (መዞርን የሚለካ ሴንሰር) ላይኖረው ይችላል፤ ዋጋቸው ዝቅ ባሉ ስልኮች ላይ የተለመደ ነው። ታንኳን ለማንሸራተት አክስለሮሜትር ብቻውን ስለሚበቃ ማዕዘኖቹን ትታችሁ እሱን ተጠቀሙ።

«ጋሼ፣ ታንኳዋ ሽቅብ ትወጣለች!»

አንድ ልጅ ስልኩን ወደ ቀኝ አዘንብሎ ታንኳዋ ወደ ግራ ስትሸሽ እንዲህ ብሎ ጠራኝ። ትክክል ብሏል። ጠረጴዛ ላይ ያለ ስልክ የማይወድቀው ጠረጴዛው ወደ ላይ ደግፎ ስለያዘው ነው። አክስለሮሜትር የሚለካው ያንን ድጋፍ እንጂ ስበቱን አይደለም፤ ስለዚህ ቁጥሩ የሚያመለክተው ወደ ሰማይ ነው። በአንድሮይድ የስልኩን ቀኝ ጎን ዝቅ ስታደርጉ ኤክስ ከዜሮ በታች የሚወርደውም ለዚህ ነው። መፍትሄው ምልክቱን መገልበጥ ነው።

ነገር ግን በዚህ አታብቁ። የአይፎን ብሮውዘር እነዚህኑ ቁጥሮች በተገላቢጦሽ ምልክት ይሰጣል፤ በአንዱ ስልክ ያስተካከላችሁት በሌላው ይበላሻል። እኛ ጨዋታው ሲጀምር ስልኩ በጀርባው እንዲተኛ እንጠይቅና ዜድን እናያለን፤ ከዜሮ በታች ከሆነ ሦስቱንም ቁጥሮች እንገለብጣለን።

ስልኩ ሲጋደም አቅጣጫው ይዘበራረቃል

ኤክስና ዋይ የታሰሩት ከስልኩ አካል ጋር ነው፤ ስክሪኑ ሲዞር አብረው አይዞሩም። የስልኩ ራስ ወደ ግራ ከተጋደመ የስክሪኑ አግድመት የዋይ ተቃራኒ፣ ቁመቱ ኤክስ ይሆናል። ወደ ቀኝ ከተጋደመ አግድመቱ ዋይ፣ ቁመቱ የኤክስ ተቃራኒ ነው። ለጊዜው ከቸኮላችሁ የስክሪኑን ራስ-ሰር መዞር ዝጉት።

ታንኳዋ ትንቀጠቀጣለች

እጅ መቼም ፀጥ ብሎ አይቆምም፤ አፉ ድረስ የተሞላ ሲኒ ይዞ ለእንግዳ ያቀረበ ሁሉ ያውቀዋል። አዲሱን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱት፤ የቀድሞውን 0.8 እጥፍ ከአዲሱ 0.2 እጥፍ ጋር ደምሩና ውጤቱን ተጠቀሙ። 0.8ን ወደ 0.95 ካሳደጋችሁት፣ 0.2ንም ወደ 0.05 ካወረዳችሁት፣ መንቀጥቀጡ ይጠፋል፣ ታንኳዋ ግን ትዘገያለች። እኔ ጥቂት መንቀጥቀጥን እመርጣለሁ፤ የዘገየች ታንኳ ልጆቹን ታሰለቻለች።

ማንም ሳይነካት ቀስ እያለች ትንሸራተታለች

ስልክን ፍጹም አስተኝቶ የሚጫወት ሰው የለም፤ ስክሪኑን ለማየት ሁሉም ትንሽ ቀና አድርጎ ይይዘዋል። ጨዋታው ሲጀምር የአንድ ሰከንድ ቁጥሮችን አማካይ ውሰዱና ያንን እንደ ዜሮ ቁጠሩት። ከዚያ ወዲያ ከ0.3 በታች የሆነ ልዩነትን እንደሌለ እለፉት።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚወድቁበትን ፈተና ላንሳ። ከልጆቹ አንዱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አንድ ስንዝር ሲገፋው ታንኳዋም አንድ ስንዝር እንድትሄድ ፈለገ። ከፍጥንጥነት ወደ ፍጥነት፣ ከፍጥነት ወደ ርቀት ማስላት ይቻላል፤ ግን ሴንሰሩ 0.1 ብቻ ቢሳሳት ከ10 ሰከንድ በኋላ ታንኳዋ በስሌቱ 5 ሜትር ርቃለች። የ0.1 ግማሽ በ10 ጊዜ 10 ሲባዛ ማለት ነው። በማጣሪያ ብዛት አይድንም። ማዘንበልን ተጠቀሙ፤ የስበት አቅጣጫ ሁልጊዜ እዚያው ስለሆነ ስህተቱ አይጠራቀምም።

በአንዱ ስልክ ትበራለች፣ በሌላው ትሳባለች

ታንኳዋን ስክሪኑ በታደሰ ቁጥር የምታራምዱ ከሆነ በሰከንድ 120 ጊዜ የሚታደስ ስልክ ላይ 60 ጊዜ ከሚታደሰው እጥፍ ትሮጣለች። ፍጥነቱን ስክሪኑ ከታደሰበት ካለፈው ጊዜ ወዲህ በቆየው የሰከንድ መጠን አባዙት።

መኪና ውስጥ ታብዳለች

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ ስንወጣ መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ታንኳዋ ወደ ዳር ትወረወር ነበር። ስልኩን ቀጥ አድርጌ ነበር የያዝኩት። አክስለሮሜትር ማዘንበልንና የመኪናውን መታጠፍ ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱም ለእሱ አንድ ግፊት ናቸው። ጋይሮስኮፕ ያለው ስልክ አጭሩን መታጠፍ ሊለይ ይችላል፤ ረጅሙ ላይ ግን እሱም ይሳሳታል። ኮዳችሁን አታፍርሱ፤ መኪናው ሲቆም እንደገና ሞክሩት።