መርከባችሁ ኬፕ ታውን ለአንድ ቀን ከቆመ

በክሩዝ መርከብ ስትጓዙ ኬፕ ታውን ሙሉ ቀን የምትቆሙ ከሆነ፣ መኪና ተከራይታችሁ የባሕሩን ዳርቻ ዙሩ። ዋናው ነገር አቅጣጫው ነው።

ጠዋት በምሥራቁ በኩል ውረዱ፤ በሚውዘንበርግና በካልክ ቤይ አድርጋችሁ ሳይመንስ ታውን ድረስ። እዚያ ቦልደርስ በተባለው የባሕር ዳርቻ ፔንግዊኖቹን ሳታዩ እንዳታልፉ! ከዚያ በደቡብ ጫፍ ወዳለው ኬፕ ፖይንት። ስትመለሱ ግን በምዕራቡ በኩል፣ በቻፕማንስ ፒክ መንገድ ይሁን። ደቡብ አፍሪካ የሚነዳው በግራ ስለሆነ፣ ወደ ሰሜን ስትነዱ ባሕሩ በግራ፣ በእናንተው በኩል ነው። መንገድ ሳታቋርጡ ጥግ ይዛችሁ መቆምና ፎቶ ማንሳት ትችላላችሁ። በ9 ኪሎ ሜትር ውስጥ 114 መታጠፊያ ስላለው ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ አይንቀል፤ በተለይ በቀኝ መንዳት የለመደ ሰው።

መንገዱ ያስከፍላል። ድንጋይ የመናድ ስጋት ሲኖርም ይዘጋል። ስለዚህ ክፍት መሆኑን ጠዋቱኑ አጣሩ። ከተዘጋ በተራራው ላይ በሚያልፈው ኡካፕሰ ዌግ መመለስ ይቻላል።

ስለ ሰዓት አደራ! መርከቡ በራሱ የወጣን መንገደኛ ቆሞ አይጠብቅም። “እስከ 4 ሰዓት ግቡ” ከተባለ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ማለት ነው፤ የስልካችሁን ማንቂያ በመርከቡ ሰዓት ሙሉት። ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማው የሚያስገባው መንገድ ስለሚጨናነቅ፣ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድማችሁ ከተማ ድረሱ። መኪናውንም ከወደቡ አቅራቢያ ተከራዩ፤ ስትመልሱ አትንከራተቱም።