የግራር ዘር አልበቅል ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ዘርታችሁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶ ፖት ስታጠጡ ከከረማችሁ፣ ተስፋ ቆርጣችሁ አፈሩን ከመድፋታችሁ በፊት ጫር ጫር አድርጋችሁ አንድ ሁለት ዘር አውጡ። ጥፋቱ የት እንደሆነ የሚናገረው ዘሩ ራሱ ነው።

ዘሩ እንደተዘራ አለ፤ ደረቅ፣ ጠንካራ፣ የሚያብረቀርቅ

ከአሥር ቅሬታ ስምንት ዘጠኙ ይሄ ነው። ዘሩ አልሞተም፣ ውሃ አልጠጣም። የግራር ዘር ልባስ ውሃ አያስገባም። በዱር ሲሆን ፍየል ፍሬውን በልታ የሆዷ አሲድ ልባሱን ያሳሳዋል፤ ከበረት የተለቀመ ዘር ቶሎ የሚበቅለውም ለዚህ ነው። እኛ ጋ ያንን ሥራ የሚሠራው ሙቅ ውሃ ወይም የጥፍር መቁረጫ ነው።

ዘሩ ጥቂት መቶ ፍሬ ከሆነ ሙቅ ውሃውን ተዉትና መቁረጫውን አንሱ። ዘሩ ከቆባው (ዘሩን ከያዘው የፍሬ ቅርፊት) ጋር የተያያዘበትን ጫፍ ፈልጉ፤ ትንሽ ጠባሳ አለው። ፅንሱ ያለው በዚያ በኩል ስለሆነ አትንኩት። ከተቃራኒው ጫፍ ልባሱን ብቻ፣ ከሥሩ ፈዘዝ ያለው ሥጋ ብቅ እስኪል ድረስ ቆንጠር አድርጉ። ከዚያ በላይ አትግቡ። መቁረጫ ከሌለ ያንኑ ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ ጠዋት አብጦ ታገኙታላችሁ።

ዘሩ ብዙ ከሆነ ሙቅ ውሃ። ለአንድ ኩባያ ዘር አሥር ኩባያ ውሃ አፍሉ። ከእሳት አውርዱት። ከዚያ ዘሩ ላይ ገልብጡትና እዚያው ውሃ ውስጥ እየቀዘቀዘ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይቆይ። ዘሩን ድስት ውስጥ ጨምሮ እሳት ላይ ማንተክተክ ንፍሮ መቀቀል ነው፤ ይህን ያህል ጊዜ ተነግሮም ዛሬም የሚያደርገው ሰው አለ። ሌላው የሚረሳው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ መተሐራ ላይ ግን ወደ 97 ይጠጋል። ደጋ ላይ የሠራ ልክ ቆላ ላይ ዘሩን ሊጎዳ፣ የቆላው ደግሞ ደጋ ላይ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ዘር በገዛችሁ ቁጥር መጀመሪያ 20 ፍሬ ሞክሩ።

አሁን ዋናው ነገር። ውሃውን ካንጠፈጠፋችሁ በኋላ ዘሩን ሁሉ ዝም ብላችሁ አትዝሩ። ውሃ የጠጣው ዘር እጥፍ ያህል ያብጣል፣ ብርሃኑ ይጠፋል፣ በጥፍር ሲጫኑት ይለሰልሳል። ያልጠጣው እንደ በፊቱ ትንሽና አንጸባራቂ ሆኖ ይቀራል፤ ቆርቆሮ ላይ ቢጥሉት እንደ ጠጠር ይጮሃል። ቀዳዳው የሚመጥን ወንፊት ካለ ሥራው የደቂቃዎች ነው፤ ያበጠው ላይ ይቀራል፣ ያላበጠው ይወርዳል። ያበጠውን በዚያው ቀን ዝሩ፤ መልሶ ከደረቀ ይሞታል። ያላበጠውን በመቁረጫ ጀምሩት። ይህች አንዲት ማጣሪያ ስለምትዘለል ነው ግማሹ ፖት ባዶ ሆኖ ዘር ሻጩ የሚረገመው።

ሁሉም ግራር አንድ አይደለም። የሙጫው ግራር (ሰኔጋል) ልባሱ ስስ ነው፤ ትኩስ ዘር ከሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ማሳደር ይበቃዋል፣ የፈላ ውሃ ይገድለዋል። ባዝራ ግራር፣ ገርቢና ዲከረንስ (ከአውስትራሊያ የመጣው ግራር) ማከሚያ፣ ማለትም ሙቅ ውሃ ወይም መቁረጫ፣ ይፈልጋሉ። ቢጫ አበባው ለሽቶ የሚፈለገው፣ መነሻው አሜሪካ የሆነው ፋርኔሲያና ደግሞ ወፍራም ጥቁር ቡናማ ቆባው በራሱ አይፈነዳም፤ ሙቀጫ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ሰባብሩትና ዘሩን ለዩ፣ ከዚያ በመቁረጫ። ይሄኛው ከብት በሚግጥበት ሜዳ አጠገብ አይተከል፤ በእበት ተሰራጭቶ እሾሃማ ጫካ ይሆናል።

ስለ አሲድ፦ የባትሪ አሲድ የተበረዘ ስለሆነ አይሠራም። ወፍራሙ ሰልፈሪክ አሲድ ይሠራል፤ ግን ጓንትና መነጽር ለብሶ በላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው ሥራ ነው። ውሃ አሲድ ላይ ጠብ ካለ ይፈነጥቃል። በቤት አትሞክሩት።

አብጦ ነበር፣ አሁን ላሽቋል፣ ይሸታል

ወይ ተቀቅሏል፣ ወይ ሳይቀየር ሁለት ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ ከርሟል፣ ወይ መደቡ ውሃ አቁሯል። የተቀቀለ ዘር አይድንም፤ እንደገና ጀምሩ።

ጥርት ያለች ክብ ቀዳዳ አለችው

ነቀዝ። እንቁላሉ የሚጣለው ገና ዛፉ ላይ እያለ ስለሆነ ቆባው ወድቆ እስኪለቀም ነቀዙ ዘሩን ይበላዋል፤ መሬት የወደቀ ቆባ አትልቀሙ፤ ሲበስል ከዛፉ አውርዱ። ዘሩን ውሃ ላይ በትኑና የሚንሳፈፈውን ድፉ። የተሰበሰበበት ወር ያልተጻፈበት ዘር አትግዙ።

ጥሩ ዘር ነበር፣ ከአፈር አልወጣም

ጠልቋል። ግማሽ ሴንቲሜትር፣ ቢበዛ አንድ፤ ላዩን በተነፋ አሸዋ ሸፍኑት እንጂ በጭቃ አፈር አይሁን፤ ጭቃው ይጋገርና ቡቃያውን ያፍነዋል።

ከበቀለ በኋላ አንገቱ ቀጥኖ ይወድቃል

ውሃ በዝቶበታል። ጠዋት ብቻ አጠጡ፣ ጥላውን አሳሱ፣ የወደቀውን ከነአፈሩ አውጡ።

ቅጠሉ ገርጥቷል፣ አያድግም

አንዱን ነቅላችሁ ሥሩን እጠቡ። ትንንሽ እባጮች ካሉና ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ ናይትሮጅን እየሠራ ነው፤ ችግሩ ሌላ ነው። እባጭ ከሌለ ካረጀ ግራር ሥር አፈር አምጡና ለእያንዳንዱ ፖት ጭብጥ ጨምሩ። ዩሪያ አትስጡ፤ እባጩ እንዳይፈጠር ያደርጋል።

ከተተከለ በኋላ ቆመ፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ወደቀ

ሥሩ ፖት ውስጥ ተጠምጥሟል። ግራር ሥሩን ወደ ታች ለመስደድ ይቸኩላል፤ ፖቱን በየሁለት ሦስት ሳምንቱ እያነሳችሁ ከታች የወጣውን ሥር በምላጭ ቁረጡ። የካቲት ወይም መጋቢት የተዘራ ለሐምሌ ይደርሳል፤ ካምና የተረፈ ችግኝ ረዥም ስለሆነ ብቻ አትምረጡ። ስትተክሉ የፖቱን መቀመጫ ከነተጠመጠመው ሥር አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ቁረጡና ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ግፈፉ። ከነላስቲኩ የተተከለ ችግኝ አልተተከለም። የሐምሌ ዘመቻ ላይ ቁጥር ለመሙላት ሲጣደፉ ከነላስቲኩ የሚቀብሩ አሉ፤ መስከረም ላይ ዝናብ ሲቆም በመደዳ ይደርቃል፣ ጥፋቱም ለዝናቡ ይሰጣል። ላስቲኩን እየሰበሰበ የሚቆጥር አንድ ሰው መድቡ፤ የላስቲኩ ቁጥር ከችግኙ ካነሰ የጎደለው ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ዲከረንስ ላይ ብርቱካናማ ቡናማ እባጭ

ዝገት የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው፤ በአዊ ዞን ብዙ ማሳ የጎዳው። ከታመመ አካባቢ ችግኝ አታጓጉዙ።