ሁለት ፍላሽ ያዙ፤ አንዱን ቆልፉት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮፒ ቤት አለኝ። ከጽሕፈቱና ከኅትመቱ ጎን ኮምፒውተርም እጠግናለሁ። ውሎዬ የሰው ፍላሽ ሲከፍቱ መዋል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አንድ ገጽ ማመልከቻ ለማተም የመጣ ሰው ፍላሹን ሲሰካ፣ ማመልከቻዋ ብቻዋን አትመጣም። የእድር አባላት ዝርዝር ከነስልክ ቁጥሩ ይመጣል። የታካሚዎች መዝገብ፣ የፍርድ ቤት ክርክር፣ የተማሪ ውጤት፣ የሰርግ ፎቶ፣ ሁሉም ስክሪኑ ላይ ይዘረገፋል። እኔስ ከሰው ጉዳይ ዓይኔን መመለስ ለምጄዋለሁ። ከኋላ ቆሞ ተራ የሚጠብቀው ሰውዬ ግን ከማየት ሌላ ሥራ የለውም።

ስለዚህ ስለ ፕሮግራም ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ሁለት ፍላሽ ይኑራችሁ። አንዱ ለኮፒ ቤት ነው፤ የሚታተመውን ብቻ፣ ቢቻል በፒዲኤፍ አድርጋችሁ ጫኑበት፤ አትማችሁ ስትጨርሱ አጥፉት። ሁለተኛው የሚቆለፈው ነው፤ መቆለፍ ስል ያለ ፓስወርድ ውስጡ እንዳይነበብ ማድረግ (ኢንክሪፕት ማድረግ) ማለቴ ነው። እሱን ከቤታችሁ ወይም ከመሥሪያ ቤታችሁ ኮምፒውተር በቀር የትም አትክፈቱት። የእኔም ቤት ቢሆን! የእኔ ኮምፒውተር ከጠዋት እስከ ማታ የማላውቀው ፍላሽ ሲሰካበት ይውላል። ፓስወርዳችሁን እሱ ላይ ስትጽፉ የምትጫኑትን ፊደል ሁሉ የሚመዘግብ ቫይረስ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ደግሞም የተቆለፈ ፍላሽ አንዴ ከተከፈተ፣ እስኪዘጋ ድረስ ለዚያ ኮምፒውተር እንደ ማንኛውም ፍላሽ ነው። ያ ማህደሩን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀይረው ቫይረስም ዘው ብሎ ይገባል። መቆለፍ የሚጠቅመው ፍላሹ ሲጠፋ ወይም ሲሰረቅ ነው። ታክሲ ወንበር ላይ ሲረሳ፣ ከኪስ ሲወድቅ፣ ያገኘው ሰው ባዶ እጁን ይቀራል።

«እኔ ምን ሚስጥር አለኝ?» የሚለኝ አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ሚስጥሩ የሌላ ሰው ነው። የእድር ጸሐፊው የጎረቤቱን ስልክና የቤተሰቡን ስም ይዟል። የጤና ባለሙያዋ የሰው በሽታ ይዛለች። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። አዋጅ ባይኖርም ነውር ነው።

የሚቆለፈው ፍላሽ አዲስ ቢሆን ይመረጣል። ፍላሽ ላይ ዲሊት የተደረገ ፋይል ወዲያው ጨርሶ አይጠፋም፤ በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቆልፉ፣ ከዚያ ጫኑበት። ስትገዙ ደግሞ ዋጋው በጣም የረከሰውን ተጠራጠሩ። ላዩ ላይ 128 ጊጋ ተጽፎበት ውስጡ 8 ጊጋ ብቻ የሆነ ፍላሽ ገበያ ላይ አለ። ኮምፒውተሩም 128 ብሎ ያነበዋል፤ ተታሎ ነው። 8ቱ ሲሞላ ቀጥሎ የምትጭኑት ዝም ብሎ ይበላሻል። ኤችቱቴስትደብሊው (H2testw) የሚባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሹን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። ሰዓት ይፈጃል፤ ግን ተቆልፎ የተበላሸ ፋይል ማዳን ከባድ ስለሆነ ሰዓቱ አያስቆጭም።

አሁን ወደ መቆለፉ። ዊንዶውስ ያለው ሰው መጀመሪያ ቢትሎከርን፣ ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣውን መቆለፊያ፣ ይሞክር። የዊንዶውስን ቁልፍና አርን አብራችሁ ተጫኑ፣ ዊንቨር (winver) ብላችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ፣ የዊንዶውሳችሁን ዓይነት ይነግራችኋል። ፕሮ፣ ኢንተርፕራይዝ ወይም ኤዱኬሽን ከሆነ መቆለፍ ይቻላል። ሆም ከሆነ የተቆለፈውን ይከፍታል እንጂ ራሱ ፍላሽ አይቆልፍም።

ፍላሹን ሰክታችሁ ስሙ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጉ፤ ተርን ኦን ቢትሎከር የሚለውን ምረጡ። ዊንዶውስ 11 ላይ ካጣችሁት ሾው ሞር ኦፕሽንስ ውስጥ ነው። በፓስወርድ እንዲከፈት ምረጡና ፓስወርዱን ሁለቴ ጻፉ። ቀጥሎ የሚመጣውን ገጽ ብዙ ሰው ሳያነብ ያልፈዋል። ሪከቨሪ ኪይ ይባላል፤ 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው፣ በስድስት በስድስት ተከፍሎ የተጻፈ። ፓስወርዱ ቢረሳ የሚያድናችሁ እሱ ብቻ ነው። እዚያው ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ከንቱ ነው። ኮፒ ቤት አምጥታችሁም አታትሙት፤ ገንዘባችሁን ባልጠላም። ፋይሉን የቤት ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡና በእጃችሁ ወረቀት ላይ ገልብጡት። ከዚያ የቤት ካርታና የልደት ሰርተፍኬት ከሚቀመጥበት ጋር አኑሩት።

ከዚያ ሁለት ምርጫ ይመጣል። ፍላሹ አዲስ ከሆነ የተያዘውን ቦታ ብቻ ቆልፍ የሚለው ይበቃል። ፋይል ሲመላለስበት የኖረ ከሆነ ግን ሙሉውን ምረጡ፤ አለዚያ ትናንት ያጠፋችሁት ሳይቆለፍ ይቀራል። ቀጥሎ ኮምፓቲብል ሞድ የሚለውን ውሰዱ፤ ፍላሹ በቤትና በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር መካከል ስለሚዞር፣ በቆዩ ዊንዶውሶችም እንዲከፈት ነው። ሲጀምር ጠብቁት። ዴስክቶፕ ላይ ከሆናችሁና መብራት የሚያስፈራችሁ ከሆነ ላፕቶፕ ተዋሱ። ፍላሹን መንቀል ግድ ከሆነባችሁ መጀመሪያ ፖዝ በሉት። በኋላ ስትከፍቱት እዚህ ኮምፒውተር ላይ በራሱ ይከፈት የሚል ምልክት ማድረጊያ አለ። ኮምፒውተሩ የጋራ ከሆነ አትንኩት።

ዊንዶውሳችሁ ሆም ከሆነ፣ ወይም ማክና ሊኑክስም ከተጠቀማችሁ፣ ቬራክሪፕት የሚባለውን የመቆለፊያ ፕሮግራም ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ። ነጻ ነው። ክሪኤት ቮልዩም ብላችሁ ፋይል ኮንቴይነር የሚለውን ምረጡ። ፍላሹ ላይ አንድ ትልቅ ፋይል ይሠራል፤ ፓስወርድ ሲሰጠው እንደ አንድ ድራይቭ ይከፈታል። አይጡን አንቀሳቅሱ ሲላችሁ ደህና አድርጋችሁ አንቀሳቅሱ፤ ቁልፉን የሚያጠነክረው ያ ነው። ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ከፈለጋችሁ ፍላሹን አስቀድማችሁ በኤክስፋት ፎርማት አድርጉ፤ ፋት32 የሚባለው ፎርማት ከዚያ የበለጠ ፋይል አይዝም። ሙሉ ፍላሹን መቆለፍም ይችላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ዊንዶውስ እንደዚያ ያለውን ፍላሽ ሲያይ አላውቀውም ብሎ ፎርማት ላድርገው ወይ ይላል፣ አንዱ ልጅ እሺ ይለዋል፣ አለቀ። ስትጨርሱ ዲስማውንት፣ እንደ ቨርዥኑም አንማውንት የሚለውን ሳትጫኑ አትንቀሉ።

ፓስወርድ ላይ አንድ ልመና አለኝ። ስምና የልደት ዓመት፣ ስልክ ቁጥር፣ የልጅ ስም፣ የታወቀ ተረት፣ ይቅሩ። ዝምድና የሌላቸው አምስት ወይም ስድስት ቃላት ያዙ፤ ገብስ፣ መሰላል፣ ጉንፋን፣ ጣባ፣ ማክሰኞ እንደማለት። እነዚህን አትጠቀሙ፤ አሁን ጽፌያቸዋለሁ። የአማርኛ ኪቦርድ በየኮምፒውተሩ ስለማይገኝ በላቲን ፊደል ጻፉት፣ ግን ጸን ወይም ጣን እንዴት እንደምትጽፉ አንዴ ወስኑና አትለዋውጡ። ፓስወርድ ረስቶ፣ ሪከቨሪ ኪይም ሳይኖረው «ክፈትልኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው አለ። አልችልም። ሌላም ሰው አይችልም፤ እችላለሁ የሚል ካለ ገንዘባችሁን ይወስዳል እንጂ ፍላሹን አይከፍትም።

የተቆለፈ ፍላሽም ይሰበራል፣ ይቃጠላል። ስለዚህ ሁለተኛ ቅጂ፣ እሱም የተቆለፈ፣ ሌላ ቦታ ይኑር።

የመጨረሻው የእኛ አካባቢ ነገር ነው። ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከሸዋ ሮቢት ፍላሽ በሹፌር እጅ መላክ የተለመደ ነው። ሹፌሩ ታማኝ ቢሆንም ፍላሹ መድረሻ ላይ ስንት እጅ ያልፋል። ለዚህ ሴቨን ዚፕ የሚባለው ፋይል ጠቅልሎ የሚቆልፍ ፕሮግራም ይበቃል። ማህደሩን በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ሴቨን ዚፕ ውስጥ አድ ቱ አርካይቭ የሚለውን ከፍታችሁ ፎርማቱን ሰቨንዚ አድርጉ፣ ፓስወርድ ስጡት፣ ኢንክሪፕት ፋይል ኔምስ የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። እሱን ከረሳችሁ ይዘቱ ባይከፈትም የፋይሎቹ ስም ይነበባል፤ «የእገሌ የደም ምርመራ» የሚል ስም ደግሞ ራሱ በቂ ወሬ ነው። ተቀባዩ ኮምፒውተር ከሌለው አንድሮይድ ስልኩ ላይ ዜድአርካይቨር በሚባል መተግበሪያ ይከፍተዋል። ፓስወርዱን ከፍላሹ ጋር በወረቀት ጠቅልላችሁ አትላኩ። ተቀባዩ ደውሎ ደረሰኝ ሲላችሁ በቃል ንገሩት።