ጀርመን ለምትማሩ፦ ቋንቋውን ወጥ ቤት ውስጥ ተለማመዱት

ጀርመንኛ ስትናገሩ ትንሽ ከተደናቀፋችሁ ሰዉ ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ ይዞርላችኋል። ከደግነት ነው፤ ግን ልምምዱ ይቀርባችኋል።

መላው ይኸውላችሁ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች «ታንደም» የሚባል ነገር አላቸው፤ ሁለት ሰዎች ተገናኝተው አንዱ ሌላውን የሚችለውን ቋንቋ ያለማምደዋል። አማርኛ የሚፈልግ ካጣችሁ እንግሊዝኛችሁን አቅርቡ። ታዲያ ካፌ አትቀጣጠሩ። በዶርማችሁ የጋራ ወጥ ቤት ሽሮ አብራችሁ ሥሩ፣ ሽሮው እስኪደርስ በጀርመንኛ ብቻ እያወራችሁ። «ሽንኩርቱን ክተፍ፣ አማስል፣ ጨው ጨምር» እየተባለ ሲሠራ ቃሉ ከእጅ ሥራው ጋር ስለሚመጣ ቶሎ አይረሳም። እጅ ሥራ ሲይዝ ዝምታም አያስጨንቅም፤ ካፌ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ ወሬ መፈለግ ግን ለጀማሪ ከባድ ነው። ሽታው ደግሞ የጎረቤት ክፍል ልጆችን ይጠራል፤ እነሱንም አስቀምጧቸው፣ ጓደኛ የሚገኘው እንዲህ ነው። እንጀራ ከሌለ በሩዝ ይበላል። በዘይት ከተሠራ ለጾመኛም፣ እዚያ ለማይጠፉት ቬጋኖችም (ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ለማይበሉት) ይሆናል።

ሽሮ ጥራጥሬ ስለሆነ አለርጂ እንዳለባቸው አስቀድማችሁ ጠይቁ። በርበሬ ስታቁላሉም እሳቱን ቀንሱ፣ መስኮት ክፈቱ፤ የጭስ ማንቂያው ከጮኸ ሕንፃው በሙሉ ሊወጣ ይችላል።