ስልካችሁ አማርኛ ሲያበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

የፊደል ስሕተት በተነሣ ቁጥር ሁለት ተከሳሾች አሉ። አንዱ ስልኩ ነው፤ ሌላው «የዘንድሮ ልጅ»። ሁለቱም ያላጠፉትን ብዙ ይሸከማሉ። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት ምልክቱን እንይ።

አማርኛን በላቲን ስትጽፉ ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ይቀየራል

መንስኤው ቀላል ነው። ኪቦርዱ እንግሊዝኛ ላይ ነው። «ነው»፣ «ቤት»፣ «ማን» በላቲን ሲጻፉ ሳይነካቸው የሚያልፈው አማርኛ ገብቶት አይደለም። አጻጻፋቸው ከእንግሊዝኛ ቃል ጋር ስለገጠመ ነው። ሌላውን ግን አንስቶ ይቀርበኛል ባለው ቃል ይተካዋል። ሐዋሳ ላይ ይብሳል፤ በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ አማርኛ፣ ሲዳሙ አፎ (የሲዳማ ቋንቋ) እና እንግሊዝኛ ይደባለቃሉ። ሲዳሙ አፎ በላቲን ይጻፋል፣ አናባቢም ይደግማል። የእንግሊዝኛው አራሚ ይህን የጣት ስሕተት አድርጎ ሊያየው ይችላል።

ጂቦርድ (የጉግልን ኪቦርድ) የምትጠቀሙ ከሆነ ሴቲንጉ ውስጥ ላንጉዌጅስ የሚለው ላይ አማርኛን ጨምሩ። ከዚያ የስፔስ ቁልፉን ተጭናችሁ ስትቆዩ ቋንቋ ያስመርጣችኋል። በላቲን መጻፍ አልተውም ካላችሁ ደግሞ ቴክስት ኮሬክሽን ገብታችሁ አውቶ ኮሬክሽንን አጥፉት።

በፊደል ጻፍኩ፤ የተላከው ግን ሌላ ነው

«ነገ እመጣለሁ» ሊባል «ነገ አመጣለሁ» ይሄዳል። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። ተቀባዩ የዕቁብ ዳኛ ከሆነ ግን ቀኑን ሙሉ ብር ሲጠብቅ ይውላል። «ይቅርታ፣ አርፍጃለሁ» ሊባል «ይቅር» ብቻ ይላካል። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ልትበሉ የተቀጣጠራችሁት ጓደኛም ቀጠሮው የተሰረዘ መስሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ብዙውን ጊዜ ስልኩ በራሱ የቀየረው ነገር የለም። ከቁልፎቹ በላይ ከተደረደሩት ጥቆማዎች አንዱን ጣት ቸኩሎ ነክቶታል። ጥቆማው ደግሞ የምንጽፈውን እያየ ይማራል። «ነው»ን ሁልጊዜ «ነዉ» ብሎ ለሚጽፍ ሰው ስልኩ መልሶ «ነዉ»ን ያቀርብለታል። ከዚያ ሰውየው «ስልኩም እንደዚህ ነው የሚለው» ብሎ ሽንጡን ገትሮ ይከራከራል። ያስተማረው ራሱ ነው እኮ!

መጥፎውን ጥቆማ ተጭናችሁ ያዙት፤ የቆሻሻ ቅርጫት ምልክት ሲመጣ ወደዚያ ጎትቱት። ከአቅም በላይ ከሆነ ኪቦርዱ የተማረውን ሁሉ ከሴቲንጉ አጥፍታችሁ ከዜሮ ማስጀመር ትችላላችሁ። ብር፣ ሰዓት ወይም ቦታ ያለበት መልእክት ግን ሳይነበብ አይላክ። ለእሱ ሴቲንግ የለውም።

«ነዉ» እና «፡፡» በየቦታው

በድምፅ በሚጻፍባቸው ኪቦርዶች ደብልዩ ብቻ ሲነካ «ው» ይመጣል። ዩ ሲጨመርበት «ዉ» ይሆናል። ጆሮ ዩ የምትባለዋን ይጠይቃል፣ ጣት ይታዘዛል። አራት ነጥብም እንዲሁ ነው። ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትተው አራት አደረግን የሚሉ ብዙ ናቸው። ለዓይን ያው ነው። ለኮምፒውተር ግን «፡፡» ሁለት ምልክት፣ «።» አንድ ምልክት ነው። ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል የሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት) እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደልን ሲያካትት ለአራት ነጥብ የራሱን ቦታ ሰጥቶታል።

ምን ለውጥ ያመጣል ካላችሁ፣ ፋይል ውስጥ ፈልጋችሁ ስታጡ ይገባችኋል። የከተማችን ስም በየታፔላው «ሐዋሳ»፣ «ሀዋሳ»፣ «ሃዋሳ»፣ «አዋሳ» ነው። ሰው አራቱንም አንድ አድርጎ ያነባል። ዎርድ ላይ አንዱን ብትፈልጉ ግን ሦስቱ አይመጡም። የሀሌታው «ሀ» ይሁን የሐመሩ «ሐ» በሚለው ጠብ አልገባም፤ አንዱን ምረጡና እስከ መጨረሻው ጽኑ። የተዘበራረቀውን በፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ አንድ አድርጉት። «ነዉ»ን ግን አልምርም።

ትክክለኛ ቃል ሥር ቀይ መስመር

እለፉት። «ስላልነገርናቸው» በአማርኛ አንድ ቃል ነው። ከአንድ ግሥ እንዲህ ያለ ስንትና ስንት ይወጣል፤ ሁሉንም የያዘ የቃላት ዝርዝር ማዘጋጀት ከባድ ነው።

ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ማመልከቻ ፊደሉን ይለውጣል

ይህ የድሮ ፎንት በሽታ ነው። ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩ የግዕዝ ፎንቶች ላያቸው ፊደል፣ ውስጣቸው ላቲን ነው። ዎርድ እንግሊዝኛ የተጻፈ መስሎት የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ካፒታል ያደርገዋል። በዚያ ፎንት ካፒታሉ ሌላ ፊደል ነው፤ ስለዚህ ስማችሁ ባላሰባችሁት ፊደል ይጀምራል። ኦፕሽንስ ውስጥ ፕሩፊንግ፣ ከዚያ አውቶ ኮሬክት ኦፕሽንስ ገብቶ የዓረፍተ ነገር መጀመሪያን ካፒታል ከሚያደርገው ምርጫ ላይ ምልክቱን ማንሣት ይበቃል። ፋይሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ምልክት ከሆነባችሁ ፎንቱ እዚያ የለም። በፒዲኤፍ ይላክላችሁ፤ የተሻለው ግን ጸሐፊው ከነጭራሹ በዩኒኮድ እንዲጽፍ መጠየቅ ነው።

ስሕተቱ ደብተር ላይ ነው

እስክሪብቶ አውቶ ኮሬክት የለውም። ልጁ በእጁ «ነዉ» ከጻፈ ስልኩን ቀምታችሁ የትም አትደርሱም። «ትውልዱ ማንበብ አቆመ» የሚሉ ሰዎች የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ግን ፈተናው መልስ ማጥቆር እንጂ አንቀጽ መጻፍ አልነበረም። ስለ ፊደል አጣጣል የሚነግረን ትንሽ ነው።

ልጅ የሚጽፈው ያየውን ነው። ከመጽሐፍ ይልቅ ታፔላ፣ የታክሲ ጥቅስና የቴሌግራም ማስታወቂያ ካየ እሱኑ ይጽፋል። የድሮው የቃል ጽሕፈት አሁንም ይሠራል። ማታ ማታ ከመማሪያ መጽሐፉ ጥቂት መስመር አንብቡለት፤ ይጻፍ፤ ከዚያ መጽሐፉን ገልጦ ራሱ ያርም። እናንተ አታርሙለት። ቀይ እስክሪብቶው በእጁ ሲሆን ስሕተቱን አይረሳም።

ባነር ላይ የተሳሳተ ስም

ለሠርግም ለምርቃትም ያው ነው። ለባነር ሠሪው በስልክ ደውሎ ስሙን «እንዲህ ብለህ ጻፍ» ማለት ይቅር። የድምፅ መልእክትም አይሆንም፤ «ሠ» እና «ሰ» በጆሮ አይለዩም። ራሳችሁ ጽፋችሁ ላኩ፣ ኮፒ አድርጎ ይለጥፈው። ዲዛይኑን በስልክ ሲልክላችሁ ከፎቶው በፊት ስሙን አንብቡ፤ ሥራውን ላላየ አንድ ሰውም አስነብቡ። «አትም» ካላችሁ በኋላ የተገኘ ግድፈት በእናንተ ሒሳብ ነው።