ስለ ዕይታ አቀባባይ ሴሎች ስናጠና የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዓይን ያየው ነገር በቀጥታ ወደ ኮርቴክስ (የአንጎል ውጫዊ ቅርፊት) አይሄድም። መጀመሪያ በአንጎል መሃል ባለው ታላመስ ውስጥ፣ ላተራል ጄኒኩሌት ኒውክለስ በሚባል ቦታ ያርፋል። እዚያ ያሉት አቀባባይ ሴሎች ከሬቲና (ከዓይን ጀርባ ካለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ተቀብለው ለዕይታ ኮርቴክስ ያስረክባሉ።

“አቀባባይ” የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። የገባው እንዳለ የሚወጣበት ሽቦ ያስመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። በድመት ላይ በተደረገ ቆጠራ፣ እነዚህ ሴሎች ከሬቲና የሚያገኙት ሲናፕስ (ሴል ለሴል ምልክት የሚያቀብልበት መገናኛ) ከ10 በመቶ አይበልጥም። ከኮርቴክስ 6ኛ ንብርብር ተመልሶ የሚመጣው ግን ወደ 30 በመቶ ይጠጋል። የቀረው በአብዛኛው ከአንጎል ግንድና ከአካባቢው አጋጅ ሴሎች (የሌላውን ሴል ሥራ ከሚያፍኑት) ነው።

ይህን ቁጥር ያየ ሰው ደግሞ ቶሎ ብሎ “አለቃው ኮርቴክስ ነው” ይላል። እዚህ ጋ ቆም እንበል። ስብሰባ ላይ ብዙ ሰው ያጨበጭባል፣ ያጉረመርማል፤ ንግግሩ ግን የአንዱ ተናጋሪ ነው። ተናጋሪው ሬቲና ነው። ሲናፕሶቹ ጥቂት ቢሆኑም ትልልቅ ናቸው፤ ለሴሉ አካል ቀረብ ብለው ያርፋሉ። የኮርቴክስ ትንንሽ ናቸው፤ ራቅ ባሉት ቅርንጫፎች ላይ ተበትነዋል። ኮርቴክሱን አቀዝቅዘው ሥራ ቢያስፈቱትም ሴሉ ለብርሃን መልስ መስጠቱን ይቀጥላል። የአንጎል ተመራማሪዎቹ ሸርማንና ጊየሪ እ.ኤ.አ. በ1998 “ነጂ” (እዚህ ሬቲና) እና “አስተካካይ” (እዚህ ኮርቴክስ) ብለው የለዩት ይህንን ነው። እኔ ይህ ልዩነት ሳይገባን ወደፊት መሄድ የለብንም ባይ ነኝ።

“ከኮርቴክስ ተመልሶ የሚመጣው ግብረ መልስ ሁልጊዜ ያነቃቃል” የሚለውም ልክ አይደለም። የኮርቴክሱ ሴሎች አቀባባዮቹን በቀጥታ ያነቃቃሉ። በዚያው ቅጽበት ግን ሬቲኩላር ኒውክለስ የሚባለውን አጋጅ ክፍልም ይቀሰቅሳሉ፤ እሱ ደግሞ አቀባባዮቹን ያፍናል። ውጤቱ በሁለቱ ሚዛን ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት የአይጦች 6ኛ ንብርብር ሲነቃ የአቀባባዮቹ ምላሽ በአብዛኛው ቀንሷል።

ሌላው ስህተት የአቀባባይ ሴሎቹን የአተኳኮስ ስልት፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምልክት የሚልኩበትን መንገድ፣ መርሳት ነው። ሴሉ ለ100 ሚሊሰከንድ ያህል ታፍኖ ከቆየ ካልሲየም የሚያስገቡት በሮቹ ይዘጋጃሉ፤ ቀጥሎ ሲነቃ ብዙ ምልክት በአንዴ ያንደቀድቃል። ይህ በእንቅልፍ ጊዜ ይበዛል፤ ግን በነቁ እንስሳትም ታይቷል። ከኮርቴክስ የሚመጣው ዘገምተኛ ማነቃቂያ ሴሉን ምልክቶቹን አንድ በአንድ ወደሚልክበት ተከታታይ አተኳኮስ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ጥናት ስታነቡ መጀመሪያ እንስሳው ነቅቶ ነበር ወይስ በማደንዘዣ ተኝቶ የሚለውን እዩ።